ቃርሚያ ያስቸገረኝ ሳምንት

ልጅ እያለሁ እልኸኛ ነበርኩ። ያልገባኝ ነገር ካለ ምሳ አይበላልኝም። ልደታ ሰፈራችን ውስጥ «የከድር ልጅ አንዴ ከያዘች አትለቅም» ይሉኝ ነበር፤ ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እልኼን ክፉኛ የፈተነው ግን አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የገጠመኝ አንድ ቃል ነው።

የአማርኛ መምህራችን ቲቸር ምሕረት ለወላጆች ቀን ራሳቸው የጻፉትን ግጥም እንዳነብ መረጡኝ። በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉት ብናኙ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥነውን ያስነጥሰን ነበር፤ ያም ሆኖ ቃል በቃል ገለበጥኩት።

አጫጁ ነዶውን ተሸክሞ ሲገባ፣
እሷ ቃርሚያ ወጣች ሆዷም እየባባ፤
ጎንበስ ቀና ስትል ከጠዋት ጀምራ፣
እፍኝ ይዛ ገባች በነጠላ ቋጥራ።

ነዶ ማለት ታጭዶ የታሰረ እህል መሆኑን ነገሩን። ቃርሚያ ጋ ሲደርሱ ግን ትርጉሙን ሳይነግሩን ወደ እኔ ዞሩ። «የማታውቂውን ቃል ሰው ፊት ቆመሽ አታነቢም። መዝገበ ቃላት ማየት የለም፣ ሰው መጠየቅም የለም። ከላይና ከታች ያሉትን ስንኞች ጠይቂያቸው። እስከ ዓርብ ካላገኘሽው ለሰሎሜ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ሰሎሜ ድምፀ መረዋ ነበረች፤ ግጥሙንም ገና ሰሌዳው ሳይጠፋ በቃሏ ይዛዋለች።

ለእኔ ነገሩ የግጥም ብቻ አልነበረም። አባቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁን ከበዓል በቀር አይዘጋም፣ ትምህርት ቤቴንም ረግጦት አያውቅም። «አንቺ የምታነቢ ከሆነ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ» ብሎኝ ነበር። ግጥሙ ለሰሎሜ ከተሰጠ አባቴ አይመጣም።

ረቡዕ ዕለት እጄን አወጣሁ። እኛ ሰፈር አንዲት ሴት ነጠላዋን ለብሳ ከወጣች የምትሄደው መርካቶ ነው። ስለዚህ ኮራ ብዬ «ቃርሚያ የገበያ ስም ነው፤ የገጠር መርካቶ!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቲቸር ምሕረት ግን አልሳቁም። «ገበያ የወጣች ሴት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል ትውላለች?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ፊቴ ጋለ። ያን ቀን ማታ ስንኞቹን ከታች ወደ ላይ ሁሉ አነበብኳቸው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። የማሽን ዘይትና በከሰል ካውያ የተተኮሰ ጨርቅ ይሸታል። ተስፋ ስቆርጥ ደንቡን ጣስኩና «አባዬ፣ ቃርሚያ ምንድን ነው?» አልኩት። ማሽኑን አቆመ። «ይሄን ቃል ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው «ታዲያ ሰው አትጠይቂ ተብለሽ የለ?» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። አኮረፍኩ።

እያኮረፍኩም ቢሆን የዘወትር ሥራዬን ጀመርኩ። አባቴ ልብሱን ቆርጦ ትልልቁን ጨርቅ አጣጥፎ መደርደሪያ ላይ ሲያወጣ፣ ከጠረጴዛው ሥር የወደቀው ብጥስጣሽ የእኔ ነበር። እለቅመዋለሁ፤ እናቴ ትራስ ትሞላበታለች። ጎንበስ እላለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ በቀሚሴ እቅፍ አደርጋለሁ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ እንደጎነበስኩ ቀረሁ። ነዶውን አጫጁ ወስዶታል። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ብላ ያገኘችው ግን እፍኝ ብቻ ነው። ታዲያ ባዶ ማሳ ላይ ምን ቀረ?

«የወደቀውን!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ፣ አጫጁ የጣለውን እህል ልትለቅም ነው የወጣችው!»

አባቴ እግሩን ከማሽኑ ላይ አነሳ። «አዎ» አለ። ከዚያ ከእሱ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «እናቴ ወሎ እያለን በሱ ነው ያሳደገችኝ። ሰው ማሳ ላይ፣ ከአጫጅ ኋላ። እኔም ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበር። ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም፤ አፍር ነበር» አለኝ። የያዝኩት ብጥስጣሽ ሁሉ ከእቅፌ ወደቀ።

ዓርብ ትርጉሙን ለቲቸር ምሕረት ነገርኳቸው፤ ግጥሙም የእኔ ሆነ። ቅዳሜ አባቴ ኮቱን ተኩሶ መጣ። ግጥሙን አነበብኩ፣ ሰሎሜም እንኳ አጨበጨበች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ አባቴ አንገቱን ይደፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልደፋም፤ እስክጨርስ ድረስ ዓይኔን እያየኝ እንባው ወረደ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ያ ሱቅ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፤ አባቴም አፈር ከለበሰ ቆይቷል። ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ያልገባውን ቃል ስልክ ላይ ይጽፋል፣ መልሱም ወዲያው ይመጣለታል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል፤ የእኔን ያህል መሳቂያ አይሆንም። ግን አንዳንዴ መልሱ ቶሎ ሲደርስለት ሳይ የአባቴ ሱቅ ትዝ ይለኛል። እኔም ያን ሳምንት እንዲህ በቀላሉ አግኝቼው ቢሆን የቃሉን ትርጉም አውቄ አልፍ ነበር። የአባቴን እናት ግን አላውቃትም ነበር። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም፤ ያለችኝ ጎንበስ ብላ ስትለቅም ብቻ ነው።