ጣሪያውን ያየሁ ዕለት

እናቴ፣ ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ፣ የደብረ ታቦሩ ሐኪምና እኔ፤ ነገሩ የአራታችን ነው። ዛሬ የደም ግፊት ክኒኔ ምላሴ ላይ መረር ባለ ቁጥር ያ ጊዜ ፊቴ ድቅን ይላል።

በጃንሆይ ዘመን አርብ ገበያ አጠገብ ካለች ደብር ዲያቆን ነበርኩ። ድምፄ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን አንገቴ ሳላዝዘው ይወረወራል፣ ጉሮሮዬም ድንገት ይጮኻል። ጓደኞቼ «ቆቅ» ይሉኝ ነበር። ጠበሉም አላስቆመውም። በቅዳሴ መካከል እየጮህኩ ባስቸግር የኔታ ከመቅደስ አስወጡኝ። እናቴ ልጇ ቄስ ሳይሆንላት ሊቀር ነው ብላ ደብረ ታቦር ድረስ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሙ አንገቴን ብዙ ሲያይ ቆየና ጋኔን ሳይሆን የነርቭ ሕመም ነው አለ። ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ሰጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ስነቃ አንገቴ ዝም ብሏል። ገብሱ ውስጥ የሚሄደውን ነፋስ ሳላቋርጠው ሰማሁት። እናቴ የተኛ ሕፃን የምትነካ ይመስል እጇን ቀስ አድርጋ አንገቴ ላይ አሳረፈች።

የኔታ ግን የሚቀድስ ዲያቆን ክኒንም ቢሆን ቀምሶ መቅደስ አይገባም አሉ።

«እንግዲያው የኔታ፣ የጠዋቱን ከማታው ጋር ቢውጠውስ?» አለች እናቴ።

«እሱስ ይሆናል።»

ቅዳሜ ማታ ሁለቱን ክኒን ባንዴ ዋጥኩ። እሑድ መልእክቱን ላነብ ከመጋረጃው እንደወጣሁ ዐይኖቼ ወደ ላይ ተሰቅለው ቀሩ። አንገቴ ወደ ኋላ ተቆለመመ፤ ምላሴ ከበደ። የጧፉ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። «መልአክ ታየው» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ መሬት ላይ ሲደፋ።

ከቀትር በኋላ ሲለቀኝ ግቢያችን በሰው ሞልቶ ነበር። የኔታ በሁሉም ፊት ጠየቁኝ።

«ምን አየህ?»

«ጣሪያውን፣ የኔታ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የኔታ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እግዚአብሔር በውሸት አይከብርም። ክኒንህን በሰዓቱ ዋጥ። ቅዳሴውን ከውጭ ሆነህ ታስቀድሳለህ።»

ሐኪሙ ዐይኔን የሰቀለው የክኒኑ መብዛት ነው ብሎ መጠኑን ቀነሰልኝ፤ ዐይኔ ዳግመኛ አልተሰቀለም። ልጆቼ፣ እውነት ስትናገሩ ማን ምን እንደሚያጣ አስቡ፤ መናገሩን ግን አትተዉ። የአንገቴ ጸጥታ ዛሬም ይደንቀኛል። ለዚያች ጸጥታ ሲባል እናቴ ቄስ ልጇን አጣች፤ የኔታ ዲያቆናቸውን፣ እኔ መቅደሱን፣ ያገሬ ሰው ደግሞ መልአኩን።