የጋሽ ታከለ እንባ

ትናንት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ስገባ የክሬሙ ሽታ ሆዴን ገለበጠው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያደርገኛል።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባቴ ቴአትር ወሰደኝ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤታችን የነበረው ጋሽ ታከለ ወንድሙን የሚገድል ሰው ሆኖ ይጫወት ነበር። መርዙን ጠጁ ውስጥ በጣቱ አማሰለና ወንድሙን አቅፎ አለቀሰ። ተመልካቹም አብሮት አለቀሰ።

ቴአትሩ ሲያልቅ ሦስታችን ኬክ ቤት ገባን። ጋሽ ታከለ መርዙን ባማሰለበት በዚያው ጣቱ ክሬም አንስቶ ሊያጎርሰኝ ሲል፣

«ጋሼ፣ ሰውዬው ክፉ መሆኑን ያውቃል?» አልኩት።

«ኧረ በጭራሽ! እሱማ የተበደልኩት እኔ ነኝ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለምን አለቀሰ?»

«ወንድሙን ይወደዋላ! እንባው የእውነት ነው። በይ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ነበርና ጎረስኩ። ክሬሙ በጣቱ ሙቀት ቀልጧል። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ አስመለሰኝ። አባቴ ሊቆጣኝ ሲነሳ ጋሽ ታከለ እጁን እየጠረገ ከለከለው።

«ተዋት» አለ። «ያ ሁሉ ሰው አለቀሰልኝ፤ የተጸየፈችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ያኔ የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ማመስገኑ ኖሯል። ዛሬ ግን በድሎ የሚያለቅስ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ እንባው የእውነት መሆኑን እያወቅኩ ያቅለሸልሸኛል።