ሚስ ኮሪን የደበቁት ስም

ባለፈው ሐሙስ የሐበሻ ሱቆች በበዙበት ፌርፋክስ ላይ በርበሬ ልገዛ ብገባ፣ የባለሱቋ ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ይጣፍጣል፣ አንቱታ ግን አታውቅም።

«እትዬ፣ ይቺን አክትረስ ታውቂያታለሽ? ሶ ቢዩቲፉል!»

ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንዲት ወጣት ደረጃ ትወርዳለች፤ ሐር ቀሚሷ እንደ ውኃ ይከተላታል። ያንን ቀሚስ በእነዚህ እጆቼ አጥቤዋለሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከምኖርበት ከሃውቶርን ሁለት አውቶቡስ ይዤ፣ ኮረብታው ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን አሮጊት ተዋናይት፣ ሚስ ኮሪንን፣ ለመንከባከብ እመላለስ ነበር። በግንቦት መንገዱ ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የዛፍ አበባ ይረግፍበታል፤ እሱን እየረገጥኩ ስወጣ በሕልሜ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ዘነበወርቅ ለምላስ ይከብዳል፤ ዜኒ ልበልሽ» አሉኝ። እንጀራዬ ነውና እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ የሎሚው ዛፍ ጥላ ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ፣ ስለ ልጅነታቸው ያወሩልኛል። ባለ ነጭ ዓምድ ቤት፣ ፒያኖ፣ ነጭ ፈረስ፤ በአንድ ቀን የሞቱባቸው ባለጠጋ ወላጆች፤ ከዚያ አንድ ዳይሬክተር አይቶ ያነሳቸው ወላጅ አልባ ልጅ። መሳቢያቸው ውስጥ ካሉት የድሮ መጽሔቶች አንዲት ቃል አትዛነፍም።

አንድ ቀን ያንን ቀሚስ አጥቤ ልጨምቀው ስል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አትጠምዝዢው! በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው!» እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው አሳዩኝ፤ እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። ፈረስ ጋላቢ የጌታ ልጅ ይህን ከየት ተማረች? አልኩ በሆዴ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታን ያዝኩ። በዚያው ሳምንት ሐኪሞች ልባቸው በሚቀጥለው ዓርብ በቀዶ ጥገና ይከፈታል አሉ። የሚጠይቃቸው ዘመድ የለም። እሑድ፣ ከአሜሪካኖቹ ቀጥለን በምንጠቀምበት የተውሶ ቤተ ክርስቲያን፣ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለቄሱ ሰጠሁ።

«ይሄማ የፊልም ስም ነው፣ ልጄ» አሉ አባታችን። «በቅዳሴ ባይሆን በግል ጸሎቴ አነሳቸዋለሁ። ግን የተጠመቁበትን አምጪልኝ።»

ሰኞ ዕለት ብጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ላከሽ? ጋዜጣ ነው?»

«እኛ ሁለት ስም አለን፣ ሚስ ኮሪን። በአንዱ ሰው ይጠራናል፤ ሁለተኛው ለጸሎት ነው። የእኔ ወለተ ሥላሴ ነው።»

«ታዲያ እግዚአብሔር ፊልሞቼን አላያቸውም ማለት ነዋ!» ብለው ሳቁ፤ ቶሎም ኮስተር አሉ። «ያቺ ልጅ ሞታለች። ተያት።»

ያለ ስም ቢላዋ ሥር እንዳይገቡብኝ ፈራሁ። ስግደቴን ጨመርኩ እንጂ ደግሜ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ ለራሴ የቀቀልኩት ምስር ሸተታቸው። «ስጪኝ» አሉ። ዘይት እንኳ የሌለውን የጾም ምስር በላይ በላዩ በሉት።

«እናቴ እንዲህ ትሠራው ነበር» አሉ ማንኪያውን አስቀምጠው። «የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። የፊልም ስቱዲዮው ስሜን ሲለውጥ እሷንም አብሮ ቀበራት። አንድ ቀን በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ፣ የኮክ ማርማላታ ይዛ ከስቱዲዮው በር ላይ በስሜ ጠራችኝ። ሰዎቹ ማናት ሲሉኝ፣ ‹ልጅ ሳለሁ ልብሳችንን ታጥብ የነበረች ሴት ናት› አልኩ። ሰማችኝ። ማርማላታውን አስቀምጣ ‹አዎን፣ እመቤቴ› አለችና ሄደች። በዚያው ክረምት ሞተች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ የለም።»

እጃቸውን ያዝኩ። ስሙን ግን አልነገሩኝም።

ዓርብ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዷቸው ከጎን ከጎን እሄዳለሁ። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሲከፈት «ዘነበወርቅ» አሉ፣ እየተንተባተቡ፣ ሙሉውን። ጎንበስ አልኩ። በጆሮዬ ነገሩኝ። «የእናቴንም ጨምሪበት» አሉና ገቡ።

ከሆስፒታሉ ግድግዳ ስልክ ለአባታችን ሁለቱንም ስም ነገርኳቸው፤ ከዚያ ማታው ሳይደርስ መዝሙረ ዳዊቱን ጨረስኩ። ሚስ ኮሪን ነቁ። ሁለት ዓመትም ኖሩ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ዜኒ ብለውኝ አያውቁም።

«ኮሪን ሪል ስሟ ነው ግን?» አለችኝ የባለሱቋ ልጅ ስልኳን እየመለሰች።

«ኮሪን ነው የሚሏቸው» አልኩና በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ።

እዚህም አልጽፈውም፤ ለእኔ የተነገረ እንጂ የእኔ አይደለም። ዘንድሮም ፍልሰታ ሲገባ ሁለቱን ስም የጻፍኩባትን ወረቀት ለሙታን ጸሎት እሰጣለሁ። እዚያች ላይ ተዋናይት የለችም፣ አጣቢም የለችም፤ እናት ከላይ፣ ልጅ ከሥሯ።