በቀብሪበያ ሚኒባስ የፈተኑን መምህር ጥላሁን

መምህራችን ጥላሁን ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ጅግጅጋ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ስልኩን አንስቼ «እንዴት አደራችሁ?» ስል «ኢፍራህ፣ መምህርሽ የሉም» አሉኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀበሩ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት ገሚሶቹ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በቀጥታ የመጡ የሰፈራችን ሰዎች ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ በሐዘን ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ ተናድጄም ነው። ለቅሶ ላይ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከጎኔ ተቀምጠው «ጥሩ ሰው ነበሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ያን ሁሉ እውቀት ለማይረባ ነገር አዋሉት። ጅግጅጋንና ስላቭን ምን አገናኛቸው?» አሉ። በለቅሶ ቤት ድምፅ አይነሣም ብዬ ዋጥኩት። ያኔ የዋጥኩት እዚህ ይውጣልኝ።

መምህር ጥላሁን የደሴ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ኦዴሳ ተልከው የስላቭ ጥናት ተማሩ፤ ማለትም የሩሲያን፣ የዩክሬንን፣ የፖላንድን፣ የቼክንና የቡልጋሪያን ሕዝቦች ቋንቋ፣ ታሪክና ኑሮ። ሲመለሱ ጅግጅጋ ተመደቡ። ሩሲያኛ የሚያስተምሩበት ክፍል ስላልነበረ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታሪክ አስተማሩ። በ2010 ክረምት ከተማችን ስትታወክ ዘመዶቻቸው «ና ውጣ፣ እዚያ ምን አለህ?» ብለው ለመኗቸው። «ተማሪዎች አሉኝ» አሉ። ጎረቤቶቻቸው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው፤ እርሳቸውም አልወጡም። ነገሩ ሲረግብ በግቢያቸው ፊት ለሱቅ የምትከራየውን ክፍል አስለቅቀው ጥቁር ሰሌዳ ሰቀሉባት። የቅዳሜው ትምህርት የተጀመረው እንዲህ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሩሲያኛ እንማራለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እርሳቸው «የመንገድ ትምህርት» የሚሉት ይቀጥላል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ማን እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚጠየቅ። «ከትምህርት ክፍያ ነፃ ናችሁ ማለት ትበላላችሁ ማለት አይደለም» እያሉ የኑሮ አበል ያለውን ለይተን እንድንፈልግ ያደርጉን ነበር። ለክረምት የቋንቋ ትምህርት ለብቻው የሚከፍል እንዳለ፣ የማመልከቻ ክፍያም ቢሆን ምክንያቱ ተጽፎ ከተጠየቀ ሊነሣ እንደሚችል የሰማነው ከእርሳቸው ነው። «መጽሐፍ የለም» ማለት በክፍላቸው ክልክል ነበር። «መጽሐፉ ላለበት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጻፉለት። ጠያቂ የናፈቀው ሰው ነው፤ ገጹን ፎቶ አንስቶ ይልክላችኋል» ይሉናል። እውነትም ይልኩልናል።

የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ ኦዴሳ ስትደበደብ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳያስተምሩ ዜናውን ሲከታተሉ ዋሉ። እኛም አብረናቸው ተቀመጥን። በሳምንቱ ግን ገና በሩን ሳይዘጉ «የሩሲያኛ መጽሐፍ ያለው ሩሲያ ብቻ አይደለም። ፕራግም ሶፊያም ዋርሶም ሞልቷል። ማመልከቻችሁን አዙሩ!» አሉን።

ከመካከላችን ለቃለ መጠይቅ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፣ በስልክ፣ ለፕራግ ዩኒቨርሲቲ። የጠየቁኝን ሁሉ በደንብ መለስኩ። መጨረሻ ላይ ከጠያቂዎቹ አንዲቱ ረጋ ብላ «የቤተሰብሽ ሁኔታ እንዴት ነው? የገንዘብ ድጋፉ ያስፈልግሻል?» አለችኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሰው የቤትሽን ሁኔታ ሲጠይቅሽ መልሱ አንድ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም» አልኩ። አባቴ ሥራ ከፈታ ከርሞ ነበር። ቦታውን ለእኔ፣ አበሉን ለሌላ ሰው ሰጡት። ያለ አበል ቦታው ምን ሊያደርግልኝ? ቀረሁ።

መምህር ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሰሌዳውን በመዳፋቸው መቱት። «የሰው ፊት አላይም ማለት ክብር ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ይህ ግን ምጽዋት አይደለም! ለሚሠራ ሰው የተቀመጠ ገንዘብ ነው። አንቺ አልጎደለብኝም ስትዪ ያልለፋ ሰው ይወስደዋል» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁላችንንም ይዘው ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ቀብሪበያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አስገቡን። መኪናው ከመናኸሪያ እንደወጣ ወደ ተሳፋሪው ዞሩና በዚያ የወሎ ዜማ ባልለቀቀው ሶማሊኛቸው ሰላምታ ሰጥተው «ይህች ልጅ ሰው እንዲከፍልላት ትፈልጋለች። እስቲ ጠይቋት» አሉ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስረዘሙ።

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

«የስላቭ ጥናት፣ አዴር» አልኩ፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

«ሐኪም ያደርጋል?»

«አያደርግም።»

«ታዲያ ለምን ይከፍሉልሻል? ዘመዶችሽ ናቸው?»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። መምህር ግን አልሳቁም። «መልሺላቸው» አሉኝ።

መለስኩ። ሩሲያውያን እዚህ በነበሩበት በ1970ው ጦርነት ዘመን ስለዚህ አገር በሩሲያኛ ብዙ እንደተጻፈ፣ ጽሑፉ በሰው አገር መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከእኛ መካከል ግን የሚያነበው ሰው እንደጠፋ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ሳቃቸውን ሰበሰቡ።

«ስለ እኛ ተጽፎ እኛ አናውቀውም?»

«አናውቀውም።»

«እንግዲያው ካልከፈሉልሽ ምቀኞች ናቸው» አሉ፤ ተሳፋሪውም «ምቀኞች!» እያለ ተቀበላቸው።

ከዚያ ወዲህ የእርሳቸው ተማሪ ሆኖ በዚያ መንገድ ላይ ሳይፈተን ለቃለ መጠይቅ የቀረበ የለም። ሹፌሮቹም ለምደውናል፤ «ዛሬ ተፈታኙ ማን ነው?» ይላሉ። እኔም በዓመቱ እንደገና አመልክቼ፣ ሲጠይቁኝ «አዎ፣ ያስፈልገኛል» ብዬ፣ ከነአበሉ ተፈቀደልኝ። የቀረው የአባቴ ፈቃድ ነበር። መምህር ረመዳን ላይ፣ ቀኑን እንደ እኛው ሳይበሉ ውለው ለማፍጠሪያ ቤታችን መጡ። አባቴ ቴምሩን እያቀረበላቸው «ብርዱ ይገድላታል» አለ። «እኔን አልገደለኝም፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ይልቅ ሰነፍ ነበርኩ» አሉት። አባቴ ሳቀ፣ እኔም ሄድኩ። ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ የቅዳሜውን ሩሲያኛ የማስተምረው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ። ዘንድሮ ተራው የአብዲረሺድ ነበር፤ ጎበዝ ግን ዓይነ አፋር ልጅ ነው። የሶፊያው ቃለ መጠይቅ የተቀጠረለት ዓርብ ነበር፤ ቀኑ የመምህር ሠልስት ሆኖ ተገኘ። ያ ኃላፊ ድንኳኑ ውስጥ አግኝተውት «አንተም ይህን ነገር ተወው። እንጀራ የሚሆንህን ተማር» አሉት። ለእትዬ ዘነበችም «ክፍሏን ለሱቅ ያከራዩዋት፤ ትጦርዎታለች» ብለው መከሯቸው። አብዲረሺድ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «መምህር ሞተው እኔ ስለ ራሴ ላወራ? ነውር ነው፣ ይቅርብኝ» አለኝ። በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር ከእጃችን ሲያመልጥ ታየኝ። እርሱ ከቀረ የሚቀጥለውም ይቀራል። በዓመቱ ያቺ ክፍል የሞባይል መሸጫ ትሆናለች።

እትዬ ዘነበች ሰምተውታል። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡ። «ሐዘኑ የእኔ ነው፤ ነውሩንም እኔ እወስደዋለሁ። ሂድ ወደ ጓሮ፣ እዚያ ኔትወርክ ይሻላል» አሉት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረው «ክፍሏ ተይዛለች» አሉና ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።

አብዲረሺድ ከእድሩ ድስቶች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ለቃለ መጠይቁ ቀረበ። እኔ ሰው እንዳያልፍ መተላለፊያው ላይ ቆምኩ። ከድንኳኑ ለቅሶ ሲነሣ ከወዲያኛው ጫፍ ያሉት ምን እንደሆነ ጠየቁት። «መምህሬ ሞተዋል። ወደዚህ ትምህርት ያመጡኝ እርሳቸው ናቸው» አለ። ሌላ ቀን እንቀይርልህ አሉት። «አይሆንም፣ ዛሬ ጠይቁኝ» አለ። ያ አንገቱን ደፍቶ የሚውለው ልጅ! ስለ ትምህርቱ ጠየቁት፤ ስለ ገንዘቡም ጠየቁት። «ያስፈልገኛል፣ ሙሉውን» አለ። እንባዬ ወረደ፤ የሐዘን ብቻ አልነበረም።

ለኃላፊውም መልስ አለኝ። ጅግጅጋንና ስላቭን ምን አገናኛቸው ብለው ነበር። መምህር ጥላሁን አገናኟቸው። የማይረባ ነው የሚሉትን ነገር ከፈለጉ ቅዳሜ መጥተው ይዩት፤ ወንበር እንሰጣቸዋለን።

መምህር፣ የአብዲረሺድ ውጤት ገና አልመጣም። እምቢ ቢሉት ዋርሶ አለ፤ ዋርሶም እምቢ ቢል ለከርሞ ይሞክራል። በአንድ እምቢታ ተስፋ ቆርጦ ቤት መግባትን አላስተማሩንም። የሚከፍለውን እንፈልጋለን፣ መጽሐፉንም እናስልካለን፣ የፈሩትን አባቶችም ቤታቸው ድረስ ሄደን እናነጋግራለን። ነፍስዎ በገነት ትረፍ፤ ለትምህርቱ አያስቡ። ግን መምህር፣ ውጤት በመጣ ቁጥር ጫማችንን ሳናስር የምንሮጠው ወደ እርስዎ ነበር። የዚህን ልጅ ውጤት ስሰማ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም። ሌላውን ሁሉ እንችለዋለን፤ ይህን ግን ገና አልቻልነውም። በሰላም ይሂዱ።