ከብስክሌቱ ውረድ

አጎቴ እዚህ እንግሊዝ አገር የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ባለፈው ሰመር እሳቸው በሚነዱበት መስመር ላይ ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ሁሉ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት። የሰቀሉት ስደተኛ የማይፈልጉ ሰዎች መሆናቸውን ስለማውቅ እኔ ቀና ብዬ አላየውም ነበር። እሳቸው ግን ከሥራ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«የጊዮርጊስ ባንዲራ ነው፣ አየሽ» አሉኝ፣ በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ። «ጊዮርጊስ ደግሞ የኛም ነው።»

«ልክ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሰማዕቱ ራሱ እንግሊዝ አገርን ረግጦ እንደማያውቅ፣ ዛሬ ቢመጣም ተሰልፎ የጣት አሻራ እንደሚሰጥ አልነገርኳቸውም። የምኖረው በእሳቸው ቤት ነው፤ ኪልበርን፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ። ዩኒቨርሲቲ አፕላይ ሳደርግ ፎርሙን አብረውኝ የሞሉት፣ ትንሿን ክፍል ዕቃቸውን አውጥተው የለቀቁልኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ «ተሳስተዋል» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ቢወጣ ክፍሏም ከእጄ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር።

አጎቴ ስለዚህ አገር የሚያስቡትን የሚያገኙት ከስልካቸው ነው። ቁርስ ላይ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው አንድ የተቆጣ ሰውዬ ይሰማሉ። ሰውዬው አገሩ እንደተወሰደበት ይናገራል። አጎቴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከወሰዱት ሰዎች መሃል አንዱ እሳቸው መሆናቸውን ሰውዬው ገና እንዳልደረሰበት ሁሉ።

«ስማችንን ያጠፉት እነዚህ በጀልባ የሚመጡት ናቸው» ይላሉ። «እኛ ስንመጣ በሥርዓት ነው።»

በሥርዓት ማለት በጭነት መኪና፣ በካሮት ጆንያ መሃል ተጋድመው ማለት ነው። ሕጋዊ ወረቀት የነበረው ካሮቱ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ተሳፋሪ ሲወርድ «አንተ ከጥሩዎቹ ነህ» ብሏቸዋል። ይህንን ለኔ ብቻ አራት ጊዜ ነግረውኛል። መጥፎዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን አልጠየቁትም። መልሱን ላለመስማት ሳይሆን አይቀርም።

የምማረው ፊልም ነው፣ አንደኛ ዓመት። አብራኝ የምትማር ታሚል ልጅ አለች። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን እሷን ደስ ለማሰኘት ብዬ «የህንድ ፊልም እወዳለሁ» አልኳት። ወላጆቿ ከስሪላንካ መሆናቸውን ነገረችኝ። ቀጥላም ደቡብ ህንድ ውስጥ የሚሠራው የታሚል ፊልም ቋንቋውም፣ ተዋናዩም፣ ተመልካቹም ሌላ እንደሆነ፣ ሁሉንም «የህንድ ፊልም» ብዬ በአንድ ከረጢት ስከት ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ «አፍሪካዊ ምግብ» እንደሚያበስሉት ሰዎች እንደምመስል ነገረችኝ። ልክ ነበረች። በዚያው ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ፊልም የሚጀምርበት ሲኒማ ይዛኝ ሄደች።

የጀግናውን አገባብ እዚያ አየሁ። በመጀመሪያ ጫማው ይመጣል። ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱ። ቀጥሎ ማጅራቱ፤ ነፋሱም የሚነፍሰው እሱ ላይ ብቻ ነው። ፊቱ እስኪመጣ አዳራሹ ውስጥ ያለን ሰዎች ትንሽ አርጅተናል። ፊቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ያፏጫል፣ የተቀዳደደ ወረቀት ይበትናል። ክፉዎቹ ሳይነካቸው ይወድቃሉ። ጀግናዋ ሴት ደግሞ ዋና ሥራዋ መገረም ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፣ በዘፈን ተመለሰላት። እኔም አፏጨሁ። ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል?

ሰኞ ቁርስ ላይ የአጎቴን ስልክ ስመለከት የተቆጣው ሰውዬ በቀስታ ወደ ካሜራው እየተራመደ ነበር። ጫማው ቀደመ። ከበሮ ተመታ። ከኋላው ባንዲራ በነፋስ ይውለበለባል። ያው ፊልም ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የታሚሉ ጀግና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጨፍራል፣ ይሄኛው ግን ፊቱን እንደቋጠረ ይቀራል። ተመልካቹ ትኬት የቆረጠበትን ነገር ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በመንገዱም የጎረቤቱን መስኮት ይሰብራል።

የታሚል ፊልም ግን ሌላም ዓይነት አለው። ከገጠር የመጡ ዳይሬክተሮች የሚሠሩት፣ ማን በማን ደጅ ጫማ አድርጎ ማለፍ እንደሚችል በቀጥታ የሚናገር። እኔ የምወደው ይህንን ነው። እንከን የለውም አልልም። ዳይሬክተሩ ሰማይ ላይ የምትበረው ወፍ ነፃነት ማለት መሆኗ እንዳያመልጥህ ሦስት ጊዜ ያሳይሃል፤ ሦስተኛውን በዝግታ። ቢሆንም ነገሩን አይሸፋፍንም።

አስተማሪያችን አንድ ፊልም መርጠን ለሰዎች እንድናሳይና እንዴት እንዳዩት እንድንጽፍ አዘዘችን። የመረጥኩት ፊልም ስለ አንድ ወተት ሻጭ ነው። መንደሩ ውስጥ በትውልዳቸው «ዝቅተኛ» የሚባሉ ሰዎች በላይኛው ሰፈር ሲያልፉ ከብስክሌታቸው ወርደው መግፋት አለባቸው። ሰውየው አንድ ቀን አልወርድም ይላል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ለማሳያ ያገኘሁት ሆሎዌይ የሚገኝ አዳራሽ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን የሚሰበሰቡበት። እንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከስክሪን እየተከታተሉ ማንበብ ስለሚያስቸግራቸው ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ ንግግሩን በሙሉ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ደብተር ላይ ጻፍኩት። በማይክ ላነብላቸው ነበር።

አብረውኝ የመጡት አጎቴ ግን ቀደሙኝ። በወጣትነታቸው፣ አገር ቤት፣ የሰፈራቸው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው የህንድ ፊልም ለሰው የሚያስረዱት እሳቸው ነበሩ። ህንድኛ አይችሉም ነበር። ማንም ስለማይችል ችግር አልነበረውም።

«ደብተርሽን አስቀምጪው» አሉኝ ማይኩን ተቀብለው። «ፊልም የሚተረጎመው ከልብ ነው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ወተት ሻጩ ብስክሌቱ ላይ ሁለት ጣሳ ጭኖ ብቅ አለ።

«ይሄ ሰውዬ መጤ ነው» አሉ አጎቴ። «ይሄ ሰፈር ድሮ ጨዋ ሰፈር ነበር።» በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሪዛሞች ታዩ። «እነዚህ ደግሞ ሰፈራቸውን የሚጠብቁ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።»

በዚያው ቅጽበት ከትልልቆቹ አንዱ ተነስቶ ጣሳውን በእግሩ ገለበጠው። ወተቱ መንገድ ላይ ፈሰሰ። አጎቴ ጥቂት አሰቡ።

«ወተቱ የተበላሸ ነው» አሉ። «ለጤና ብለው ነው።»

ፊት ለፊት ሻርፕ ያደረጉ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ካምደን በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ለብዙ ዓመት በፅዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ። «ስማ እንጂ» አሉ። «መጤ ያልከው ሰው እናቱ ቤት ነው እኮ የገባው።»

«እናቱም መጤ ናት።»

«የአያቱን መቃብር እያጸዳ ነው።»

«አያትየውም መጤ ነበሩ።»

«ታዲያ ነባሩ ማነው?»

«በረንዳ ያለው» አሉ አጎቴ።

አዳራሹ ሳቀ። አጎቴ ሳቁን ለሙያቸው የተሰጠ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። ከአስተማሪዬ ጥሩ ነጥብ የሚያስገኝ ነገር እንደሆነ ወዲያው ገብቶኝ ነበር፤ ይህን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

የታሚል ፊልም መሃል ላይ ይቆማል፤ እረፍት ነው። አጎቴ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ።

«እንዴት ነኝ?»

«ጎበዝ ነዎት፣ ጋሼ።»

ሻይ ሊቀዱ ሲሄዱ ሻርፕ ያደረጉት እናት ወደኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ደብተር ምንድን ነው?»

«ትርጉሙ ነው፣ እማማ።»

«የምኑ?»

«የፊልሙ።»

ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነከሩ። «እሱ ሲያወራ የነበረው ታዲያ የምኑ ነው?»

ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ደብተር እጄ ላይ ነበር፤ ሃያ ሽማግሌ የተረገጠውን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ እያየ ነበር፤ እኔ ደግሞ «ጎበዝ ነዎት» ብዬ ነበር።

ከእረፍት በኋላ ከሪዛሞቹ ትልቁ ተነስቶ ወተት ሻጩ ፊት ይቆማል። አይጮህም። በጣም ቀስ ብሎ፣ ረጅም ንግግር ይናገራል። ያንን ንግግር ሦስት ጊዜ ሰርዤ የጻፍኩት ስለሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«እንኳን ደህና መጣህ እያለው ነው» አሉ አጎቴ። «ግን በሥርዓት ግባ ነው የሚለው።»

«ተሳስተዋል፣ ጋሼ» አልኩ።

ያልኩት በሹክሹክታ ነበር። ነገር ግን አጠገባቸው ስለነበርኩ ማይኩ ያዘው፤ ቃሉ ከአዳራሹ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ወጣ። አጎቴ ዞር ብለው አዩኝ። ደብተሬን ገለጥኩና አነበብኩ፦

«አባትህ እዚህ ሲደርስ ይወርድ ነበር። አያትህም ይወርድ ነበር። አንተን እዚያ ላይ ማን ሰቀለህ? ከብስክሌቱ ውረድ።»

ከኋላ አንድ አባት «ሾፌሩ» አሉ፣ «መስመር ስተሃል እኮ።»

«ዳይቨርሽን ነው፣ መንገዱ ተዘግቶበት» አሉ ሌላው።

ይሄኛው ሳቅ ከቅድሙ የተለየ እንደሆነ አጎቴም ገባቸው። ማይኩን ወንበር ላይ በቀስታ አስቀመጡት። ጃኬታቸውን አነሱ። «ሺፍት አለኝ» ብለው ወጡ። የዚያን ቀን ሺፍት እንዳልነበራቸው አውቃለሁ፤ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ።

ቀሪውን እስከ መጨረሻ አነበብኩ። ሰዎቹ በደንብ አዩት። አንድ አባት ብቻ ዘፈን አነሰው ብለው ቅር ተሰኙ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ለአራት ቀን አላናገሩኝም። ያናገሩት ማንቆርቆሪያውን ነው። «ሻይ የሚፈልግ ሰው ካለ ውሃው ፈልቷል» ይላሉ ወደ ግድግዳው ዞረው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ የኪራይ ክፍል ቼክ አደርግ ነበር። ልብሶቼን ሁለት ጊዜ አጣጠፍኩ።

ረቡዕ ከሥራ ገቡ። ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ወረደ?» አሉኝ።

«ማን?»

«ባለብስክሌቱ።»

«አልወረደም።»

«ምን አደረጉት?»

«ላፕቶፔ ላይ አለ። ማየት ይችላሉ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከእረፍቱ በኋላ ያለውን አድርጊልኝ» አሉ። «የመጀመሪያውን አውቀዋለሁ።»

«አያውቁትም፣ ጋሼ» አልኩና ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አልተቆጡም፣ አልሄዱምም። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ የተቆጣው ሰውዬ አዲስ ቪዲዮ ልኮላቸው ነበር። አንስተው ስክሪኑን አዩና መልሰው አስቀመጡት፤ በኋላ እንደሚያዩት አውቃለሁ። ሪዛሙ ከበረንዳው ወርዶ ጣሳውን ገለበጠ። ወተቱ ነጭ ሆኖ መንገዱ ላይ ፈሰሰ።

አጎቴ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም።

«ወተቱ ምንም አልነበረውም?» አሉኝ።

«ምንም።»