በአያ ይበልጣል ቤት የተነሣው ለቅሶ

አያ ይበልጣል ጎንደር ጅንፈቀር ሰፈር ቪዲዮ ቤት አለው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከብረት ማቀፊያ ጋር በብሎን ታስሯል። አግዳሚዎቹን የበየዳቸው ራሱ ነው። እግራቸው የብረት ቱቦ፣ መቀመጫቸው የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲሆን ሁለት ሰው በቀላሉ እንዲያነሣቸው ቀለል ተደርገው ተሠርተዋል። ምክንያት አለው፤ ማታ ማታ ፊልም ተመልካች ይቀመጥባቸዋል፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ደግሞ ወደ ለቅሶ ድንኳን ይሄዳሉ። የእድሩ ወንበር በቅቶ አያውቅም።

ከበሩ በላይ «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የጻፈው እሱ፣ ቀድሞ የሚጥሰውም እሱ። ሲጠይቁት ጽሑፉ ለመንገደኛ እንጂ ለቤተኛ አይደለም ይላል።

ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ስልኩ ላይ ተተክሎ ይውል የነበረው ወጣት ሁሉ ተመልሶለታል። መብራት በመሐል ቢጠፋም ማንም ተነሥቶ አይሄድም፤ አያ ይበልጣል የፊልሙን ቀሪ በአፉ ይነግራቸዋል። አይቶት ከሆነ እንዳየው፣ ካላየውም እንደመሰለው። ከዚያ ወሬው ሳይታሰብ ወደ አገር ጉዳይ ይዞራል። የእኛ ፖለቲካ ያስቸገረው፣ ይላል፣ ሁሉም አክተሩ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ፊልም ላይ አክተሩ አንድ ነው፤ እንደማይሞት ስለምታውቅ ተረጋግተህ ታያለህ። እዚህ ግን ማን እንደሚተርፍ የሚያውቅ የለም። የነዳጁ ሰልፍስ ምን ዓይነት ፊልም ነው ብለው ሲያሾፉበት፣ እሱማ ተከታታይ ድራማ ነው ይላቸዋል።

ከኅዳር ጀምሮ ግን ጨዋታው ቀነሰ። ልጁ አወቀ በሰው አይሱዙ ሰሊጥ ሊጭን አርማጭሆ፣ ሳንጃ እንደወረደ መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም አብሮ ጠፋ። አያ ይበልጣል ደንበኞቹ ፊት ምንም እንዳልሆነ ሰው ይመላለሳል። የፊልም ምርጫው ግን ተለወጠ፤ ተኩስ ያለበትን ተወና ሠርግና ሳቅ ያለበትን ብቻ ያሳይ ጀመር። ወጣቶቹ ቢያጉረመርሙም አልተከራከሩትም። ምክንያቱን ያውቃሉ። ባለቤቱ የትነበርሽ ደግሞ ከአርማጭሆ በኩል መጣ የተባለን ሰው ሁሉ እየተከተለች አወቀን አይተኸዋል ወይ ትላለች። ያየው የለም።

አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ በራቸው ተንኳኳ። የትነበርሽ ከፈተች። የእድሩ ዳኛ አቶ ቢያዝን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሽማግሌ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ ደጅ የሚቆመው መርዶ ለማርዳት ነው። አቶ ቢያዝን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይበልጣል አለ ወይ ብለው ጠየቁ። መርዶ ነጋሪም የሚጀምረው በዚሁ ነው።

የትነበርሽ ቀሪውን አልጠበቀችም። ልጄን ብላ ደረቷን መታች። አያ ይበልጣል ከውስጥ ወጥቶ ሦስቱን ሰዎች አየና መቃኑን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ።

«ሬሳው የት ነው?» አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሌሊቱን ጎረቤታቸው እማማ የዓለምወርቅ ዐርፈዋል። ሽማግሌዎቹ ከሟች ቤት በቀጥታ የመጡት ለድንኳኑ አግዳሚ ሊለምኑ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክሎ መልበስ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። አቶ ቢያዝን የሞቱት እማማ የዓለምወርቅ ናቸው እያሉ ቢለፈልፉም የሚሰማ ጠፋ። ጎረቤቱ የየትነበርሽን ድምፅ እየሰማ ይገባል፤ የገባውም በለቅሶው ላይ ይጨምራል። ባለፈው ዓመት መኪና በራፌ ላይ አቆመ ብሎ ከአወቀ ጋር የተጣላው ሰውዬ ሳይቀር፣ ሸጋ ልጅ ነበር፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም እያለ ያለቅስ ነበር።

ነገሩ ተጣርቶ ለቅሶው ሲቆም ፀሐይ ወጥታለች። የትነበርሽ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ምነው አቶ ቢያዝን፣ አግዳሚ የሚጠየቀው እንዲህ ነው?»

አያ ይበልጣል ተነሥቶ ቪዲዮ ቤቱን ከፈተና አንዱን አግዳሚ በጫፉ ያዘ። አቶ ቢያዝን በሌላው ጫፍ ያዙ።

በዚያ ጠዋት ለቅሶውን ሰምተው ያለፉ ነጋዴዎች ነበሩ። መንገዱ የተዘጋው ለመኪና እንጂ ለእግረኛና ለአህያ አይደለም። ወሬው ከጎንደር ሲወጣ በይበልጣል ቤት ለቅሶ አለ የሚል ነበር። ትክል ድንጋይ ሲደርስ ከቤቱ ሰው ሞቷል ሆነ፤ ሳንጃ ሲገባ ይበልጣል ሞተ።

አወቀ ሳንጃ የቆየው የሰው መኪና ጥሎ መሄድ ከብዶት ነው። ይህን ሲሰማ ግን ቁልፉን ላሳደሩት ሰዎች አስረክቦ በእግሩ ተነሣ። ቆላውን ወጥቶ፣ ትክል ድንጋይ ከነጋዴዎች ጋር አድሮ፣ መንገዱ ከተዘጋበት ወዲህ ባገኘው ባጃጅ ተጭኖ ጎንደር ገባ። ሰፈሩ ሲደርስ የለቅሶው ድንኳን ገና አልፈረሰም። የተደረደሩት አግዳሚዎች የአባቱ ናቸው። ጥርጣሬ ቢኖረውም እዚያ ላይ አለቀለት። አባቴን እያለ ገብቶ መሬት ላይ ወደቀ።

አያ ይበልጣል ከአቶ ቢያዝን ጎን ተቀምጦ ስለ ነዳጅ እያወራ ነበር። ወሬው አፉ ላይ ቀረ።

«ማን ሞተብህ?» አለው።

አወቀ ቀና አለ። አየው፤ ደግሞ አየው።

«አንተ።»

«እኔማ አንተን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለ አያ ይበልጣል፤ ተነሥቶ ወደ ልጁ ሲሄድ አግዳሚውን በጉልበቱ ገጭቶት ለጥቂት አልጣለውም።

ተሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ መሳቁ ያሳፈራቸው ወደ እጅጋየሁ፣ ወደ እማማ የዓለምወርቅ ልጅ፣ ዞሩ። እሷ ግን እያለቀሰች ፈገግ ብላ፣ እናትየዋን ጥሩልን እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ አለች።

መጥራት አላስፈለገም። የትነበርሽ ለለቅሶኛው ንፍሮ በትሪ ይዛ ከጓዳ እየመጣች ነበር። ልጇን ስታይ አልጮኸችም። ትሪውን አንዲት ፍሬ ሳታፈስ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አወቀ ሊያነሣት ሲጎነበስ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና ብዙ አየችው።

«ከስተሃል» አለችው።