መጨረሻ ገጽ ላይ ይፈረማል

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነው። ሲሚንቶ ወለል፣ ከላይ መጽሐፍ የምታክል መስኮት፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን። ሦስት ሴቶች ነበሩ። ሁለቱ ዞር ብለውም አላዩኝም። ሦስተኛዋ ከገሰራ የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው «ተቀመጪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው የታሰሩት፣ ልጃቸው የት እንዳለ አልተናገሩም ተብሎ ነው። «ባውቅማ ሄጄ አየው ነበር» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

እኔ ያኔ ከተመረቅሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ሥራ የለኝም። የነበረኝ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝበት የንባብ ክበብና ሠላሳ አንድ ግጥም የያዘ ደብተር ነው። ደብተሩን አዲስ አበባ ላለ አሳታሚ ልልክ ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ቅጂ አልነበረውም። በስልኬ ፎቶ ማንሳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ አላነሳሁትም። ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

የክበባችን ደንብ አንድ ነው። ከየመጽሐፉ ያለን አንድ ቅጂ ስለሆነ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ጎሮ በሰው እጅ ይዞራል። አንብቦ የጨረሰ መጨረሻ ገጽ ላይ ይፈርማል። ያልፈረመ ሰው ውይይት ላይ ሻይ ይጠጣል እንጂ አይናገርም። አንዴ አንዱ ሳያነብ ፈርሞ መጣና ምዕራፍ ሁለት ላይ የሞተውን ሰውዬ መጨረሻ ላይ ዳረልን። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ፖሊሶች የያዙን ቀን በእጃችን የነበረውን መጽሐፍ ሲገልጡት አሥራ አራት ፊርማ አገኙ። ስም የለውም፤ የድብቅ ማኅበር አባላት ዝርዝር መሰላቸው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ምን እንደሚል የጠየቀን የለም። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ ስላልኩ ሌሎቹን ያንኑ ዕለት ለቀቋቸው።

በሦስተኛው ቀን እኚያ እናት ምን እንደወሰዱብኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በቃልሽ አታውቂውም ወይ አሉ። ከሁሉ የምወደውን፣ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ላደርገው ያሰብኩትን መረጥኩ። መጀመሪያ በአማርኛ አልኩላቸው፤ ከዚያ በኦሮምኛ። ግጥሙ ስለ ሲናና ወረዳ ስንዴ ነው። ደርሶ፣ ወርቅ መስሎ ቆሟል፤ ዝናብ ሲናፍቅ ሲናፍቅ ይመጣለታል።

ጨረስኩ። ውጭ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር እያለፈ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ስንዴው ደርሷል ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ከዚያ ዝናብ መጣለት?»

«አዎ» አልኩ፤ የወደዱት መስሎኝ።

«ጠላታችን ነሽ እንዴ? ደርሶ የቆመ ስንዴ ላይ ከዘነበ እዚያው ዛላው ላይ በቅሎ ይበላሻል። ይሄን ገሰራ መጥተሽ እንዳታነቢ።»

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ተናደድኩ። ከዚያ አፈርኩ። አባቴ ባለሱቅ ነው፤ ስንዴ የማውቀው በሚኒባስ መስኮት ነው። ክበቡ ውስጥ ያን ግጥም ሰባት ሰው ሰምቶ አጨብጭቧል። ሁላችንም የከተማ ልጆች ነን።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁሉንም አንብቦታል፤ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

«ይሄ ዝናብ ማነው?» አለኝ።

«ዝናብ ነው።»

«ስንዴውስ?»

«ስንዴ።»

«የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ አትቀልጂብኝ።»

ስህተት መሆኑን ነገርኩት። ስንዴ ሲደርስ ዝናብ እንደማይናፈቅ ትናንት ነው ያወቅሁት አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ። «ጤነኛ ሰው እንዲህ አይመኝም። ለዚህ ነው ሌላ ነገር አለበት ያልኩት።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። በእኔ አለማወቅና በእሱ ማወቅ መሀል ነው የታሰርኩት።

ከዚያ መጽሐፉን አመጣና አሥራ አራቱን ፊርማ ገለጠ። ሁሉንም አልፈልግም፣ የአምስቱን ስም ብቻ ንገሪኝና ደብተርሽን ይዘሽ ትወጫለሽ አለኝ። ደብተሩን በእኔ በኩል ገፋው። ከፈራሚዎቹ አንዷ ገና የወለደች አስተማሪ ናት፤ ገጹ ላይ አየኋት። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። እጄ ደብተሩ ላይ ነበር፤ አፌም ተከፍቷል።

ገለጥኩት። መጨረሻ ገጹ ባዶ ነው።

«ሁሉንም አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙ። አንብቦ የጨረሰ ይፈርማል፤ ደንባችን ነው። የእነሱም ፊርማ ትርጉሙ ይሄው ነው።»

ደብተሩን ወደሱ መልሼ ገፋሁት። እስክሪብቶውንም አስጠጋሁለት። ገጹን ብዙ አየው። አልጮኸም፤ አልፈረመም። ለጠባቂው «ውሰዳት» አለው። ደብተሩ እዚያው ቀረ።

ለእናትየዋ ስነግራቸው «ሞኝ» አሉኝና ካላቸው ቂጣ ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። «ስትወጪ ዝናቡን አስተካክይው።»

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ያለ ክስ ለቀቁኝ። ደብተሩን ሁለቴ ሄጄ ጠየቅሁ፤ የለም አሉኝ። አሥራ ዘጠኙን ግጥም ከጭንቅላቴ አወጣሁ። የቀሩት አሥራ ሁለቱ የሉም። አሳታሚው አሥራ ዘጠኝ ግጥም መጽሐፍ አይሞላም፣ ሌላ ጨምሪ አለኝ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ደክሞኛል። በክበቡ የቀረነው አምስት ሰው ነን፤ ፊርማው ይቅር ያሉም አሉ።

እኚያ እናት መውጣታቸውን ስሰማ በገበያ ቀን ገሰራ ወረድኩ። ገብስ እየሸጡ አገኘኋቸው። ልጃቸው እንደጠፋ ነው፤ አልጠየቅሁም። ጆንያቸው ላይ ተቀምጬ የተስተካከለውን ግጥም አነበብኩላቸው፤ ዝናቡ አሁን በዘር ጊዜ ይመጣል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ማለቁን ጠየቁና እስክሪብቶዬን ተቀብለው ከግርጌው አንዲት ጠማማ መስመር አሰመሩ።

ያቺ ወረቀት እኔ ጋ ናት። ደብተሩ የት እንዳለ ግን አላውቅም። የትም ይሁን፣ እዚያ ውስጥ ዝናቡ አሁንም ደርሶ የቆመ ስንዴ ላይ ይዘንባል። መጨረሻ ገጹም ባዶ ነው፤ መርማሪው ካልፈረመበት።